የጣት ኦክስጅን መለኪያ፦ በኮሮና ዓመት ቤታችንን ያረጋጋም ያመሰም ዕቃ

የገዛነው እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ከግድግዳ ጋር ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ባለቤቴም «ለጊዜው ቤትህ ቆይ» ተብሎ ሥራ ፈቷል። እማዬና አባዬ ደግሞ ጤናቸውን በቅርብ እንድንከታተል ከእኛ ጋር ገብተዋል። ስድስት ነፍስ፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ አንድ መቆንጠጫ። ዕቃው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አሁንም ይሠራል። ስለ ጽናቱ የምለው ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ በኩል ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ በሌላው በኩል ጣትን አልፎ የመጣውን ይለካል። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡበት መጠን ስለሚለያይ፣ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ በመቶኛ ያሰላል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያፈለቀው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ያረፈው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ ዓለም የእሱን ፈጠራ መሻማት በጀመረበት ወር ነው።

ቅሬታዬን ከስክሪኑ ልጀምር። ቁጥሮቹ እንደ ድሮ ካልኩሌተር ከቀጥታ መስመሮች የተገጣጠሙ ናቸው፤ በዚህ አጻጻፍ 98 ተገልብጦ ሲታይ ልክ 86 ይመስላል። አንድ ሌሊት ጎረምሳው ልጄ አሳለው። እማዬ ከአልጋው ማዶ ቆማ ለካችውና «ተነሡ! ሰማንያ ስድስት ገብቷል!» ብላ ቤቱን ቀወጠችው። ባለቤቴ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ መኪና ሊያስነሣ ወጣ። ልጁ ራሱ ነው እጁን አዙሮ «አያቴ፣ በዚህ በኩል እዪው» ያላት። ምስሉን ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚያዞሩ ሞዴሎች አሉ፤ አዛውንት ያለበት ቤት እነሱን ይፈልግ። የታችኛው ቁጥር ደግሞ የልብ ምት ነው። 72ን አይቶ ኦክስጅን መስሎት የደነገጠ ሰው በቤታችን ብቻ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ። ምክንያቱም ለዚህ ዕቃ ያለኝ ግምት የተወሰነው በእሱ ነው።

ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ሽታ ጠፍቶበታል፤ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ ከዜና አንባቢው ጋር ይከራከራል። ትንፋሽ አልቆረጠውም። ጠዋት ጠዋት የምለካውን በልጄ ደብተር ጀርባ እጽፍ ነበር፦ 96፣ 95፣ 94። ከዚያ 91 አሳየኝ። እጁ ቀዝቅዞ ይሆናል ብዬ አሸት አሸት አደረግኩት፣ ጣት ቀየርኩ። 90። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና «እኔ ደህና ነኝ ልጄ፤ ይልቅ መሣሪያሽን አሳክሚው» አለኝ።

ይኼ በኮቪድ የታወቀ ነገር ነው። አየር አጠረኝ የሚለውን ስሜት በዋናነት የሚቀሰቅሰው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። በዚህ በሽታ የታመመ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወጣ ኦክስጅኑን ግን በቅጡ ሳያስገባ ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ሳይጨነቅ ደሙ ኦክስጅን ይራቆታል። ሐኪሙን በስልክ ሳገኘው መጀመሪያ የጠየቀኝ የዛሬውን ቁጥር አልነበረም፤ «ያለፉት ቀናት ስንት ነበሩ?» አለኝ። ከደብተሩ አነበብኩለት። «አሁኑኑ ይዛችኋቸው ኑ» አለ።

ኦክስጅን ተደረገለት፣ በሆዱ አስተኙት፣ ዴክሳሜታዞን የተባለ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ሰጡት። መድኃኒቱ ለኮቪድ መጥቀሙ በጥናት የታወቀው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። ሕመምተኛ መጠየቅ አይፈቀድም ነበር፤ እማዬ በቪዲዮ ስታየው ስለ ሕመሙ ትታ «ያ ካልሲ የማነው?» ብላ ጠየቀችው። ከስቶ፣ ግን በእግሩ ተመለሰ።

ሰላም ሆነ ብለን ነበር። እማዬ ግን ከዚያ ወዲህ መቆንጠጫውን ከእጇ አልለይ አለች። ሲበላ ትለካዋለች፣ ሲተኛ ትለካዋለች፣ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ በር ላይ ትጠብቀዋለች። 95 ከነበረው 94 ከሆነ ምግብ የሚባል አትቀምስም። አባዬ «አንቺ ሴትዮ፣ በሽታው ሲተወኝ አንቺ ያዝሽኝ?» እያለ ይጮሃል። ባለቤቴ ዕቃውን ሲደብቅባት ሁለቱ ለቀናት ተኮራረፉ። በመጨረሻ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ተባብለን ተስማማን። ሣጥኑ ላይ ያልተጻፈው ጉዳት ይኼ ነው፦ ቁጥር የለመደ ጭንቀት ቁጥር ካላየ አያድርም።

የሚለካውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴ በተራው ሲታመም አጥንቱ እየተሰበረ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠው 97 ያሳይ ነበር። እማዬ «ቁጥርህ እኮ ደህና ነው» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መሣሪያው ቫይረስ አይመረምርም፤ በከሰል ጭስ የታፈነ ሰውንም በሐሰት ደህና ሊያስመስለው ይችላል።

እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለን ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካነበበላቸው መካከል እውነተኛው መጠናቸው ከ88 በታች የነበረው ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በየካቲት 2021 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ 90 የሚል ንባብ በእውነቱ ከ86 እስከ 94 መካከል ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ላይ አልጣበቅም፤ ደብተሩን አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ90 በታችን የከባድ ሕመም ምልክት ይለዋል፤ እኛ ግን ቁልቁል መሄዱን ካየን 90 እስኪደርስ አንጠብቅም።

አለካኩ ላይ፦ ጥቂት ደቂቃ አርፎ መቀመጥ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቅ፣ እጅን ማሞቅ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ መታገስ። የደም ምቱን ሞገድ የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሞገዱ ከተዘበራረቀ ቁጥሩም አይታመንም። የሕፃን ጣት በአዋቂ መለኪያ በደንብ አይያዝም፤ የልጆች ለብቻው አለ። ቤታቸው ከፍተኛ ቦታ ላይ የሆነ ሰዎች ጤነኛ ሆነው ቁጥራቸው ዝቅ ሊል ስለሚችል ደህና እያሉ የራሳቸውን ለክተው ቢይዙት ጥሩ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት። አንዱን የቀነስኩት በዚያ ስክሪን ነው። መሳቢያ ውስጥ ስታስቀምጡት ሁለቱን ቀጫጭን ባትሪዎች አውጧቸው፤ የኛው ላይ ፈስሰው ብረቱ ዝጎ በኮምጣጤ ነው ያጸዳሁት።