የሾፓን ውድድር በዩቲዩብ፦ ነጻ ነው፣ ዳታ ግን ይበላል

በፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ በሾፓን ስም በየአምስት ዓመቱ ዋርሶ ላይ የሚካሄደውን የፒያኖ ውድድር አዘጋጁ ተቋም በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፈዋል። ክፍያ የለውም። ጥቅምት ላይ ዋርሶ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለምትዘገይ እንቅልፍም አያሳጣም። ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ። ለሥራዬ እንደዚህ የጠቀመኝ ነጻ ነገር አላገኘሁም።

ፍጻሜውን ብቻ የሚያዩ ሰዎች ይገርሙኛል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) እዚያ የደረሱት 11 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ያለቀላቸው ጎበዞች። ለተማሪ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ዙር ነው። አንዱ ኖታ ይስታል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ይህን ለልጅ በአፍ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የቆዩት ቅጂዎች አለመጥፋታቸውን ነው። ኤሪክ ሉ የሚባለውን አሜሪካዊ ፈልጉት። በ2015 ገና በ17 ዓመቱ 4ኛ ወጣ። በ2018 እንግሊዝ አገር የሊድስን ውድድር አሸነፈ። ኮንሰርቱም ሲዲውም ተከተለ። በቃው ስንል በ2025 ዋርሶ ተመልሶ ተወዳደረ፣ 1ኛም ሆነ። ሁለቱን ዓመታት አከታትላችሁ ስሙ። ያኔም የጣት ችሎታ አልጎደለውም ነበር። አሁን ግን አይቸኩልም፤ ዝም የሚልበትን ቦታ ያውቃል። አሥር ዓመት የሠራው ይህንን ይመስለኛል።

ሉን ካስተማሩት አንዱ ቬትናማዊው ዳንግ ታይ ሶን ነው፣ የዚሁ ውድድር የ1980 አሸናፊ። እሱ ልጅ ሳለ በጦርነቱ የተነሳ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከሃኖይ ወጥቶ ገጠር ገብቶ ነበር። «ጥሩ ፒያኖ ካልገዛንለት ልጃችን የትም አይደርስም» ለሚሉኝ ወላጆች ይህን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ለማንኛውም ይገዛሉ።

ቅሬታም አለኝ። ካሜራው የተጫዋቹን ፊት አብዝቶ ይወዳል። እኔ ማየት የምፈልገው እግሩን ነው፤ ፔዳሉን መቼ እንደሚለቅ። ዳታውም ቀልድ አይደለም፤ ምስሉን ወደ 360 ዝቅ አድርጉና በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ውድድሩ ሲያልቅ የዳኞቹ ነጥብ በስም በስም ይወጣል። አንዱ ዳኛ ያደነቀውን ሌላው ሲጥለው ማየት ያዝናናል፣ ለተሸነፈ ተማሪም ያጽናናል።

ትንንሽ ልጆችን ሙሉውን እንዲያዩ አታስገድዱ። አንድ ማዙርካ (በፖላንድ ጭፈራ ምት የተሠራ አጭር ሙዚቃ) ይበቃቸዋል።

ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በፔዳሉ ነው።