ኮምፒውተራችንን እንዲመቸን አድርጋ ላስተካከለችልን ባለሙያ

ዛሬ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ከልቤ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው የመጣሁት። አብዛኞቻችን ባለሙያ የምንጠራው ማሽን ሲበላሽ ነው። የእኛ ዴስክቶፕ ግን አልተበላሸም። ዊንዶውስ 11 አለው፣ ይሠራል። ችግሩ እንደ ተውሶ ዕቃ ነበር የምንጠቀምበት፤ ፊደሉ ያንሳል፣ ሲነሳ ይንቀራፈፋል፣ የምንፈልገው ነገር ቶሎ አይገኝም። አባቴም በእሱው ይጠቀማሉ፤ ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል።

ልጅቷ ቁጭ እንዳለች ማውዙን አልነካችም። «እስቲ በየቀኑ የሚሠሩትን እየሠሩ ያሳዩኝ» አለችኝና ዝም ብላ አየች። የቱን ፕሮግራም ደጋግሜ እንደምከፍት፣ የቱ ጋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ እንደምል ታዘበች። ከዚያ ምንም ሳትቀይር ሪስቶር ፖይንት የሚባለውን የመመለሻ ነጥብ ፈጠረች። ለውጡ ካስቸገረ ሲስተሙ ወደነበረበት ይመለሳል፣ የግል ፋይሎች ግን አይነኩም። ይህ አገልግሎት ብዙ ማሽን ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ እናንተም አንዴ እዩት።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭና የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈተች። ስታርትአፕ የሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያዘገዩም ያሳያል። «ይሄን ገና ሲከፍቱት ይፈልጉታል?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አልፈልግም ያልኩትን ብቻ አስቆመች። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስንፈልገው ራሳችን እንከፍተዋለን። የቫይረስ መከላከያውን ግን እንዳለ ተወችው።

በጣም ያስደሰተኝ ለአባቴ ያደረገችው ነው። የራሳቸውን አካውንት ከፈተችላቸው፤ ስለዚህ የእሳቸው ማስተካከያ የእኔን አይረብሽም። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ክፍል ገብታ የፊደሉን መጠን ከፍ አደረገች። መጠኑ ከ100 እስከ 225 በመቶ ይሄዳል። እሷ ትንሽ ትጨምርና «አሁንስ አባባ?» ትላለች። አባቴ ወደ ፊት ሳያዘነብሉ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ርቀት ሆነው እንዲያነቡ ነበር የምትፈልገው። ስኬል የሚለውን ከፍ ብናደርገው ምስሉም መስኮቱም አብሮ ስለሚያድግ ስክሪኑ ይጣበባል፤ ለዚህ ነው ከፊደሉ የጀመረችው። የማውዙን ቀስት ትልቅና ቢጫ አደረገችው። ጽሑፍ ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለዋን መስመር ደግሞ ከላይና ከታች ባለ ቀለም ምልክት አደረገችላት። አባቴ ሁልጊዜ «የት ገባች?» እያሉ የሚፈልጓት እሷን ነበር። አሁን ወዲያው ያዩዋታል። ምርቃቱን እዚያው አዥጎደጎዱላት፤ አሜን ብላ ተቀበለች።

ለእኔ ያሳየችኝ ደግሞ በአብዛኛው አቋራጭ ነው። ደጋግሜ የምከፍታቸውን ፕሮግራሞች ስክሪኑ ግርጌ ባለው ታስክባር ላይ ደረደረችልኝ፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ1 ጋር ስጫን የመጀመሪያው፣ ከ2 ጋር ሁለተኛው ይከፈታል። ከስፔስ ጋር ከሆነ ኪቦርዱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከቪ ጋር ሲጫኑት ደግሞ ቀደም ብለው ኮፒ ያደረጓቸው ነገሮች ተዘርዝረው ይመጣሉ፣ እስከ 25 ድረስ። መጀመሪያ ሲከፍቱት አብራው ይላል፣ ያኔ ማብራት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ይህቺ አንዷ ብቻ ትበቃለች! ነገር ግን ኮፒ ያደረጋችሁት የይለፍ ቃልም እዚያው ሊቀመጥ ይችላልና ሌላ ሰው በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ዝርዝሩን አጽዱ። ምሽት ላይ የስክሪኑን ብርሃን የሚያሞቀውን ናይት ላይትም በሰዓቱ ራሱ እንዲበራ አድርጋልኛለች።

ሙያዋን የበለጠ ያከበርኩት እምቢ ባለችው ነገር ነው። ሲስተሙን ያፋጥናል የሚባል ፕሮግራም እንድትጭንልኝ ጠይቄያት ነበር። «አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ሴቲንጉ ውስጥ አለ» አለችኝ። የዊንዶውስን መልክ ከሥሩ የሚቀይሩትንም አልወደደችውም። አንዳንዶቹ የሲስተም ፋይል ስለሚነካኩ አዲስ አፕዴት ሲመጣ ችግር ይፈጥራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ጭኖ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ጥቁሩን ገጽታና የምወደውን ቀለም ከዚያው ከዊንዶውስ መርጣ ሰጠችኝ፤ እውነትም አምሮበታል።

ስትጨርስ የቀየረችውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ከእያንዳንዱ ጎን እንዴት እንደሚመለስ አለ። ባለሙያ ስትመርጡ ይህን ጠይቁ፤ የሠራውን በግልጽ የሚጽፍላችሁ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! ስልኳን ሳላስፈቅድ እዚህ ማስፈር ስለማይገባኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ራቅ ያላችሁትንም ዊንዶውስ ውስጥ ባለው፣ ኩዊክ አሲስት በሚባለው የርቀት መርጃ ትረዳለች፤ የምትሠራውን በስክሪናችሁ ላይ እያያችሁ ነው። ከመደወላችሁ በፊት የሚያስቸግራችሁን ነገር በዝርዝር ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።