አይኮም አይሲ-705 በሰሜን ሸዋ፦ ለ144 ሜጋኸርዝ ርቀት ይሆናል?

አይሲ-705 ተንቀሳቃሽ የአማተር ሬዲዮ ማሰራጫና መቀበያ ነው። በራሱ ባትሪ 5 ዋት፣ በውጭ 13.8 ቮልት 10 ዋት ይሰጣል። ርቀቱን የሚወስነው ግን ዋቱ ሳይሆን አየሩ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድሩ ይቀዘቅዛል፤ ሞቅ ያለ ደረቅ አየር ከላይ ይደረብበታል። ያኔ ሞገዱ ወደ ምድር እየታጠፈ አድማስ ይሻገራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ያከትማል። ጣርማ በር ከፍታ ላይ መውጣት ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ንብርብሩ ቆላው ላይ ከተኛ አንቴናችሁ ከበላዩ ይቀራል። ጉሙን ከእግራችሁ በታች ካያችሁት ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረዱ።

አንቴና አብሮት አይመጣም፤ በዚህ ዋጋ ቅር ያሰኛል። ባለ 5 ዘንግ ያጊ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩር አንቴና) ግዙና ዘንጎቹን አግድም አድርጉ፤ በኤስኤስቢ (ለሩቅ ግንኙነት በሚመረጠው የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ) ሩቅ ያሉት የሚሠሩት እንዲያ ነው። ወደ ላይ ካቆማችኋቸው እስከ 20 ዴሲቤል ልታጡ ትችላላችሁ፤ ይህም የምልክቱ ኃይል ወደ መቶኛ ይወርዳል ማለት ነው። 10 ሜትር አርጂ-58 የተባለው ቀጭን የአንቴና ኬብል ደግሞ 2 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ ከ10 ዋት ወደ አንቴናው የሚደርሰው 6 ገደማ ብቻ ነው። ወፍራሙን ኬብል ምረጡ።

ተቀባዩ ግሩም ነው፤ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት ስክሪኑ ያሳያል። 144.300 ሜጋኸርዝ ላይ ጀምሩ፤ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግን አስቀድሞ ነው።