ካኖን 70-200 ኤፍ 2.8፦ ከአጥር ውጭ ቆሞ የፈረስ ዝላይ ለሚያነሳ ሰው

«የሌንሱ ትልቁ ዙም፣ 200 ሚሊሜትር፣ ይበቃል ወይ?» የፈረስ ዝላይ ማንሳት የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። መልሱ መሰናክሉ ከቆማችሁበት አጥር ስንት ሜትር ይርቃል በሚለው ላይ ነው ያለው። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ካሜራ ሌንሱን 200 ላይ ብታደርጉት 25 ሜትር ርቀት ላይ የሚታያችሁ 4.5 ሜትር በ3 ሜትር ያህል ነው። ትልቅ መሰናክል የሚዘል ፈረስ ከነፈረሰኛው እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ወይ ሄልሜቱ ወይ አግዳሚው እንጨት ይቆረጣል፤ ስለዚህ ወደ 135 መመለስ ግድ ነው። ከ35 እስከ 40 ሜትር ላይ 200 ልክክ ይላል። 60 ሜትር ሲደርስ ግን ፈረሱ በሰፊ አሸዋ መሃል ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለውጭ ሜዳ ቢያንስ 4000 ካሬ ሜትር ይጠይቃል፤ አጭሩ ጎን ከ50 ሜትር ማነስ የለበትም። ማዶ ያለው መሰናክል ከዚህ ሌንስ አቅም ውጭ ነው ማለት ነው። ፈረሱን በሜዳው ሁሉ ከማሳደድ በክልላችሁ ያሉትን ሁለት መሰናክሎች መርጦ መጠበቅ ይሻላል። የግድ ማዶውን የሚፈልግ 1.4 ኤክስቴንደር (በሌንሱና በካሜራው መሃል ገብቶ ዙሙን የሚያበዛ ተጨማሪ መስታወት) ይግጠም፤ ሌንሱ 280 ይሆናል፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 4 ይጠባል፣ ፎከሱ ግን ብዙም አይጎዳም። 2 እጥፉ ኤክስቴንደር ለቆመ ፈረስ ካልሆነ አይመከርም።

የምናወራው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለወጣው ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ኤል አይኤስ ሁለተኛ ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ የመስታወቱ ቅብ ተሻሻለለት እንጂ የውስጥ መስታወቶቹ አደራደር ያው ነው፤ ለዝላይ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ትርፉ አይታየንም። ያገለገለ ሁለተኛ ትውልድ በቂ ነው።

መሰናክል ስትመርጡ ባንዲራዎቹን እዩ። ቀዩ ሁልጊዜ በፈረሰኛው ቀኝ፣ ነጩ በግራው ነው። ስለዚህ ቀዩ በእናንተ ግራ ከታየ ፈረሱ ወደ እናንተ ነው የሚዘለው። ከዚያ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ፈረሱ ከሚያርፍበት ጎን፣ 45 ዲግሪ ገደማ ገለል ብላችሁ ቁሙ። ከነጠላው ቀጥ ያለ መሰናክል ይልቅ ሁለት አግዳሚ ያለውን ኦክሰር ምረጡ፤ ወርዱን ለመሻገር ፈረሱ ጀርባውን አጉብጦ ረዘም ላለ ጊዜ አየር ላይ ይቆያል።

ተከታታይ መተኮስ ብቻውን አያድንም። በትልልቅ ውድድሮች የሚጠየቀው ፍጥነት በደቂቃ 400 ሜትር ነው፤ በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ፎቶ መሃል ፈረሱ 67 ሴንቲሜትር ያመልጠዋል። የፊት እግሮቹ መሬት ሲለቁ ጣታችሁን ጫኑ። የሚፈለገው ሁለቱም የፊት ጉልበቶች እኩል ታጥፈው፣ ጆሮዎቹ ወደፊት ቆመው፣ የኋላ እግሮቹ ገና ሲገፉ ነው። ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚነሳው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የፈረሰኛውን ሄልሜት አናት እንጂ ፊቱን አያሳይም።

ፎከሱን የሚያበላሸው የመሰናክሉ ቋሚና አበባው ነው። ካሜራው በአየር ላይ ያለውን ፈረስ ትቶ ቋሚው ላይ ይጣበቃል። ኤአይ ሰርቮን (የሚንቀሳቀስን ነገር ሳያቋርጥ የሚከታተለውን የፎከስ አሠራር) ምረጡ፤ የፎከስ ነጥቡ የመሃሉ አንድ ብቻ ወይም እሱ ከነጎረቤቶቹ ይሁን፣ የመከታተያ ስሜታዊነቱንም ቀንሱ፤ ነጥቡን የፈረሱ ትከሻ ላይ አኑሩና ከሦስት እርምጃ በፊት ጀምራችሁ ተከተሉት። ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን የርቀት መገደቢያ 2.5 ሜትር ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ፊታችሁ ያለውን የአጥር እንጨት ፍለጋ ይሄዳል። ሹተሩ 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። በ15 ሜትር ርቀት ኤፍ 2.8 ላይ ጥርት የሚለው 1 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የፈረሱ አፍንጫ ጠርቶ ፈረሰኛው የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ቀረብ ሲል ኤፍ 4።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመውን የሌንሱን ማረጋጊያ (አይኤስ) በ1/1000 ማጥፋት ይቻላል። በ1/60 ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እያዞራችሁ ዳራውን ማደብዘዝ ካማራችሁ የማረጋጊያውን 2ኛ ሞድ ተጠቀሙ፤ የጎን እንቅስቃሴውን ትቶ ወደላይና ወደታች ያለውን ብቻ ያርማል።

በተሸፈነ ሜዳ ይህ ሌንስ ዋጋውን ያስመልሳል። 1/800፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜታዊነት) 3200 እስከ 6400። ፎቶዎቹ አንዱ ቢጫ አንዱ ጨለም ያለ ከሆኑ ሌንሱን አትውቀሱ፤ የመብራቱ ብልጭታ ነውና የካሜራውን አንቲ ፍሊከር (ከመብራቱ ብልጭታ ጋር ጊዜውን የሚያስማማውን ቅንብር) አብሩ። ፍላሽ ፈረሱን ስለሚያስደነግጥ ከቦርሳ አይውጣ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀን ላይ ደግሞ ከ50 ሜትር በኋላ ያለው መንቀጥቀጥ ከአሸዋው የሚነሳ ሙቀት ነው፤ ማንኛውም ሌንስ አያድነውም።

ለመስታወት አልባ ካሜራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አርኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8፣ 1070 ግራም ብቻ ነው፤ የእኛው 1490 ሲመዝን ከሰዓት በኋላ ክንድ ያውቀዋል። ነገር ግን አርኤፉ ዙም ሲደረግ ይረዝማል፣ ኤክስቴንደርም አይቀበልም። ኢኤፉ ርዝመቱ ስለማይለወጥ በአሸዋ ሜዳ አቧራ አይስብም፤ በአዳፕተር መስታወት አልባ ካሜራ ላይም ያለ ችግር ይሠራል።

ያገለገለ ስትገዙ የፊቱን መስታወት በስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ የሻጋታ ክር ፈልጉ። በ200 ኤፍ 2.8 ጠፍጣፋ ግድግዳ አንሱና ግራና ቀኝ ጫፉን አወዳድሩ፤ አንዱ ከደበዘዘ ወድቋል። ፎከሱ ሲዞር የሚያፏጭ ከሆነ ሞተሩ እያለቀ ነው። የትራይፖድ ማሰሪያ ቀለበቱ አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ለብቻው ሲገዛ ርካሽ አይደለም፣ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) ላይ ደግሞ ያለ እሱ ሌንሱ ካሜራውን ወደፊት ይጎትተዋል።