ጨርቅ መሰሉ ቦርሳ፣ አቡጀዲው እና ዘንቢሉ፦ ፌስታልን የትኛው ይተካል?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። ጉሊት ላይ የፌስታል ውፍረት የሚለካ ሰው ስለሌለ ስሱም ወፍራሙም አብሮ ሲሸጥ ኖረ። በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት በጠቅላላ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ገበያው በምትክ መያዣ ተሞልቷል፤ ምትክ የተባለው ሁሉ ግን ምትክ አይደለም።

በብዛት የሚታየው በየሱቁ የሚንጠለጠለው ባለቀለም ቦርሳ ነው። ሲነኩት ጨርቅ ይመስላል፣ ገጹ ላይ ጥቃቅን የተረገጡ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ይህ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ቀልጦ በክር መልክ የተረጨ፣ ከዚያም በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ። ለማረጋገጥ ከጠርዙ ጥቂት መዝዞ ማቃጠል ይበቃል። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ውሃ ጠብ አድርጎ መፈተን ግን ያሳስታል፤ አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስታርች እስኪታጠብ ድረስ ውሃ ይገፋልና።

ፕላስቲክ መሆኑ ብቻውን አይኮነንም። ደጋግሞ የሚያገለግል ቢሆን ኖሮ ግቡን ይመታ ነበር። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ርካሹ ቦርሳ እጀታው በሙቀት ተጣብቆ እንጂ ተሰፍቶ አይመጣም፤ አምስት ኪሎ ድንች ሲሸከም መጀመሪያ የሚለቀው እዚያው ነው። ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቃል፣ ከዚያ እየተፈረፈረ ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል፤ ያ ብናኝ ከፌስታሉ ይልቅ ለመልቀም የሚያስቸግር ፕላስቲክ ነው። ካውያ ሲነካው ይቀልጣል፣ ሲፈትጉት ይሻክራል። የግድ ከተገዛ እጀታው ወደ ታች ወርዶ በአራት ማዕዘንና በመስቀል ስፌት የተያዘ፣ ጎኖቹም በክር የተሰፉ ይሁን።

የአቡጀዲው ነገር ሌላ ነው። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ሲቀደድ ይጣፋል። ተሰፍቶ ከሚሸጠው ይልቅ ልብስ ሰፊ ጋ ማሰፋቱ ያዋጣል፤ ስፋቱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትሩ ሦስት ቦርሳ ይወጣዋል። መጀመሪያ ጨርቁ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ያለዚያ ከተሰፋ በኋላ ሲሰበሰብ ስፌቱ ይጣመማል። ከዚያ 40 በ48 ሳንቲሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጮች ይቆረጣሉ። በጎን የሚተርፈው 24 ሳንቲሜትር ገደማ በ8 በ8 ተከፍሎ ለሁለት ለሁለት ሲቆረጥ ስድስት እጀታ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አራት ቦታ ታጥፎ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል። የታችኛው ስፌት ድርብ ካልሆነ ሽንኩርትና ስኳር አብረው የገቡ ቀን ይተረተራል። እጀታው በእጅ ለመያዝ እንጂ ትከሻ ላይ ለማንገት አይበቃም፤ ማንገቻ የፈለገ ጨርቁን 30 ሳንቲሜትር ያህል ይጨምር።

አቡጀዲውም ግን ልክ አለው። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በተለመደው መንገድ ከተመረተ ጥጥ የተሠራ ቦርሳ በአየር ንብረት ጫናው ብቻ ቢመዘን እንኳ ከሱፐርማርኬት ፌስታል ጋር እኩል ለመሆን ቢያንስ 52 ጊዜ ማገልገል አለበት። የእነሱ ፌስታል ከእኛ ስስ ፌስታል ይወፍራል፣ ስለዚህ እዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። በሌላ በኩል ጥናቱ ሜዳ ላይ የተጣለውን አልቆጠረም፤ የእኛ ዋና ጣጣ ደግሞ ቱቦ የሚደፍነውና ከብት የሚበላው ፌስታል ነው። ለማንኛውም፣ ያለፈበት አንሶላ እያለ አዲስ ጨርቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ለአንድ ቤት ሁለት ትልቅ ቦርሳ ይበቃል። ከየስብሰባው የሚታደለውን እየሰበሰቡ ቁም ሣጥን መሙላት ፌስታልን በሌላ መልክ ማጠራቀም ነው።

ዘንቢል በአንድ ነገር ሁሉንም ይበልጣል፦ ቆሞ ይቀመጣል። ድንቹ ከታች፣ ቲማቲሙ ከላይ ሆኖ ሳይጨፈለቅ ቤት ይደርሳል። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራው እርጥበት ሲይዝ ይሻግታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ጥላ ውስጥ ተዘቅዝቆ ይድረቅ። ሲገዙ እጀታው አፉ ላይ ብቻ መያያዙን ወይም እስከ ታች መውረዱን ማየት ነው። በፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸመነው ይበልጥ ይበረክታል፤ ዓመታት ካገለገለ ቅር የሚያሰኝ አይሆንም። ጉድለቱ የሚታወቀው ሚኒባስ ውስጥ ነው። አይታጠፍም፣ ወንበር ሥር አይገባም፣ ረዳቱም ደስ አይለውም።

ሦስቱም ቢሆኑ የማይነኩት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ቦርሳ ተይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ በውስጡ የስኳር፣ የምስር፣ የሽንኩርት፣ የቲማቲም፣ የዳቦ እየተባለ አምስት ትናንሽ ፌስታል ይዞ ይገባል። ትልቁን ለመተካት ማንም አይቸገርም። ሥራው ትንንሾቹ ላይ ነው። ለሽንኩርትና ለምስር ከአሮጌ ነጠላ የተሰፋ፣ 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ፣ አፉ በገመድ የሚሰበሰብ ከረጢት ይሆናል። ነጠላ ሽመናው የላላ ስለሆነ ዱቄት ያስወጣል፤ ለስኳር የአንሶላ ጨርቅ ይሻላል፣ ቤት ሲደርስም ቶሎ ወደ ጠርሙስ ይገልበጥ፣ አለበለዚያ እርጥበት ስቦ ይቋጥራል። ሽሮና በርበሬ በጨርቅ አይሞከሩም፤ ክዳን ያለው ጣሳ ነው የሚያዋጣው። ባለሱቁ ሚዛኑ ሳህን ላይ መዝኖ እንዲገለብጥ ማድረግ ነው። በጣሳው ካስመዘኑ ግን ባዶው መጀመሪያ ይመዘን፤ 100 ግራም ጣሳ ሳይቀነስ ከቀረ ግማሽ ኪሎ ተብሎ የተከፈለበት በርበሬ 400 ግራም ብቻ ነው። ሥጋ ቤትም እንዲሁ፤ ለአንድ ኪሎ ሁለት ሊትር የሚይዝ ባለክዳን ዕቃ ይበቃል።

እንጀራ ላይ ጨርቁ ፌስታሉን በግልጽ ይረታዋል። ትኩሱ ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ያልበዋል፣ ላቡ ተመልሶ እንጀራው ላይ ይወርድና ሻጋታውን ያፋጥናል። ሰፌድ ላይ በርዶ በንጹሕ ጨርቅ ቢጠቀለል ለመንገድ ይበቃዋል። በጨርቅ ብቻ ማሳደር ግን ጠርዙን ያደርቀዋል፤ ቤት ሲገባ ወደ መሶብ ይዛወር። የጨርቁን ሽታ እንጀራ ቶሎ ስለሚይዝ፣ ይህ ጨርቅ ሽታ በሌለው ሳሙና ለብቻው ይታጠብ፤ ሽንኩርት ከያዘው ከረጢት ጋርም አይቀላቀል።