ለብስክሌት የትኛው ይሻላል፦ ድፍን ቁልፍ ወይስ ሰንሰለት?

ለመንገድ እኔ የምመርጠው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለውን ድፍን የብረት ቁልፍ ነው። ቀላል ባይሆንም አብሮ ይጓዛል። ጠባብነቱም ጥቅም ነው፤ የብስክሌቱ አካልና ምሰሶው ውስጡን ከሞሉት ሌባው መፈልቀቂያ ብረት የሚሰካበት ክፍተት አያገኝም። ወፍራም ምሰሶ ግን አያቅፍም።

ሰንሰለት ያገኘውን ሁሉ ይጠመጥማል። ቀጭኑን ተዉት፤ የብረት መቁረጫ መቀስ እንደ ክር ይበጥሰዋል። የቀለበቱ ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር የደረሰውን በእጅ መቁረጥ ግን እጅግ ከባድ ነው። ክብደቱን ደግሞ ተሸክሞት የጋለበ ጀርባ ይናገር! ስለዚህ ቦታው ቤት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ ቀለበት ጋር። መሬት ላይ እንዳይንዘላዘል፤ ሌባው የመቁረጫውን እጀታ መሬት አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋልና። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ) ለያዘ ሰው ሁለቱም ይሸነፋሉ፤ የሚያተርፉት ጊዜና ጩኸት ነው።