ባለ 5 ቁራጭ የግድግዳ ፎቶ ለሆቴል ወይም ለአዳራሽ ልታሠሩ ነው? ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አንብቡ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ሆቴል፣ ካፌ ወይም አዳራሽ እያስጨረሳችሁ ላላችሁ ሁሉ። በቴሌግራም የሚዞረው «ግድግዳ ሙሉ ጢስ ዓባይ፣ 5 ቁራጭ፣ ኦሪጅናል ካንቫስ፣ በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ቅናሽ የለበትም። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ሳሎን በኮምፒውተር የተሠራ ክፍል ነው፤ ምስሉ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ ትክክለኛ መጠኑን ከዚያ ማወቅ አይቻልም። ፏፏቴው ራሱ ጢስ ዓባይ ላይሆንም ይችላል። የጎጃም ሰው የሌላ አገር ፏፏቴ በጢስ ዓባይ ስም ሲሸጥለት ዝም ማለት የለበትም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ተመልከቱ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 5 ቁራጭ ቁመቱ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ደረጃ እያነሰ የሚሄደው ነው፦ መሐሉ 30 በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ 30 በ60፣ ዳርና ዳሩ 30 በ40። በመካከላቸው 4 ሳንቲ ሜትር ሲተው ጠቅላላ ስፋቱ 166 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሻጩ 166ን በ80 አባዝቶ 1.33 ካሬ ሜትር ብሎ ሊያስከፍል ይችላል። በእጃችሁ የሚገባው ግን ቁራጮቹ ተደምረው 0.84 ካሬ ሜትር ነው። ለባዶ ግድግዳ ከ50 በመቶ በላይ ጨምራችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ በየቁራጩ የተጣራ ልክ ይሁን።

ትልቁ ችግር ግን ፋይሉ ላይ ነው። 6 ሜትር ለሆነ የእንግዳ መቀበያ ግድግዳ 4 ሜትር ስፋት ያለው ሥራ ይበቃል እንበል፦ እያንዳንዳቸው 76 በ130 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 5 ቁራጮች፣ በመካከላቸው 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት። እንግዳው 3 ሜትር ርቆ የሚያየው ከሆነ በየሳንቲ ሜትሩ 12 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ያህል ያስፈልጋል፤ ለ4 ሜትር 4,800 ፒክስል ማለት ነው። 2 ሜትር ላይ ወንበር ካለ 17 ይሆናል፣ በድምሩ 6,800። አሁን «የራሳችሁን ፎቶ ላኩልን፣ እናትምላችኋለን» ሲሏችሁ ምን እንደሚፈጠር አስቡ። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ይወርዳል። ያንን 4 ሜትር ላይ ስትዘረጉት አንዷ ነጥብ 3 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ቅጠሉም ውኃውም ጭቃ ይመስላል። ሁልጊዜ በፋይል መልክ ላኩ።

የ12 ሜጋ ፒክስል ስልክ 4000 በ3000 ያነሣል። ለ4 ሜትር ሥራ ዳር ዳር ነው፤ እንግዳ በቅርብ የማይቀመጥበት ግድግዳ ከሆነ ያስኬዳል። በዚያ ላይ ፎቶው ረዘም ወዳለ ቅርጽ ሲቆረጥ ከቁመቱ ከግማሽ በላይ ይጣላል፤ ሰማዩ፣ ታንኳ ካለበትም ጫፉ ይሄዳል። «በሶፍትዌር እናሳድገዋለን» የሚለውን አትመኑ፤ የፒክስሉ ቁጥር ይጨምራል እንጂ ካሜራው ያላየው ዝርዝር አይመጣም፣ ውኃውም ላስቲክ ይመስላል። ከቀብዱ በፊት ዝርዝር ከበዛበት የምስሉ ክፍል 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በመጨረሻው ልኩ አሳትማችሁ እንግዳ በሚቀመጥበት ርቀት ቆማችሁ እዩት። ለዚህች ናሙና እምቢ ያለ ሻጭ ቀሪውንም አይሠራላችሁም።

ፎቶ አንሥተን እናመጣለን የሚሉ ካሉ ወሩን ጠይቁ። የጢስ ዓባይ ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር በበጋ ገደሉ ላይ የሚወርደው ጥቂት ነው። ግርማው በክረምቱ ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው።

አቆራረጡ ሌላ ጣጣ አለው። ክፍተቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከምስሉም 5 ሳንቲ ሜትር በክፍተቱ ውስጥ መደበቅ አለበት፣ በመስኮት ፍርግርግ እንደሚታይ ነገር። ይህ ካልተደረገ ሰያፍ መስመር ሁሉ ይሰበራል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የመረጠ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል፤ ገመዶቹ በየክፍተቱ ይዘላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ጨርቁ በፍሬሙ ጎን 4 ሳንቲ ሜትር ሲታጠፍ ከዋናው ምስል የተወሰደ ከሆነ፣ በሁለት ጎረቤት ቁራጮች መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ምስል ይጠፋል። ክፍተቱ ከሚደብቀው 3 ሳንቲ ሜትር በልጦ ማለት ነው። ጎኑ በመስታወት ግልባጭ (የምስሉ ዳር በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ሲደገም) ወይም በአንድ ቀለም እንዲሸፈን እዘዙ። ባለ 2ና ባለ 4 ቁራጭ መሐሉ ክፍተት ላይ ስለሚወድቅ ምስሉ መሐል ላይ ሰው ወይም ታንኳ ካለ 3 ወይም 5 ይሁን።

«ካንቫስ» ተብሎ ባነር የሚሰጥበት ብዙ ነው። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፦ ካንቫስ የክር ሽመናው ይታያል፤ ባነር ጀርባው ልሙጥ ላስቲክ ነው፣ ይሸታል፣ አምፖል ሲበራ ያብለጨልጫል። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ ጥግ ላይ አሹት፤ ቀለም ከለቀቀ የሚጠርገው የጽዳት ሠራተኛ ጨርቅ ይጨርሰዋል። የምዕራብ ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ከሆነ ፀሐይ ቶሎ በማያደበዝዘው በፒግመንት ቀለም መታተሙን በጽሑፍ አስገቡ።

እንጨቱን ችላ አትበሉ። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ወር ሳይሞላው ይጠማዘዛል። 130 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ቁራጭ መሐሉ ላይ አግዳሚ ያስፈልጋል፤ ጥግ ጥጉም በሙጫ የተደፈነ ሳይሆን ሽብልቅ የሚገባበት ይሁን። በክረምት እርጥበት ጨርቅ ይላላል፣ ሽብልቁን በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ ማድረግ ይመልሰዋል። ባነር ከላላ ግን አይመለስም። ገና የተለሰነ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ሳይደርቅ ከተሰቀለ ጀርባው ይሻግታል።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው። የቁራጮቹን ልክ በወረቀት ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፣ በውኃ ልክ አስተካክሉ። ምስሉ መሐሉ ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሶፋ ካለ ደግሞ የታችኛው ጠርዙ ከሶፋው ጀርባ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ጣራው ረጅም ነው ብላችሁ ወደ ላይ አትግፉት። ብሎኬት ባዶ ሆድ ስለሆነ ሚስማር አይዝም፤ በፊሸርና በብሎን፣ ለየቁራጩ በሁለት ነጥብ።

ውሉ ላይ የየቁራጩ ልክ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የጎኑ አሸፋፈን፣ የፍሬሙ ውፍረትና በመንገድ የሚደርስ ጉዳት በማን እንደሚሆን ይጻፍ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭነት የሚመጣ ፍሬም ጥጉ ተመትቶ ሊደርስ ይችላል። ሲደርስ እዚያው ፈትታችሁ ወለል ላይ በቅደም ተከተል አንጥፉ፤ የየቁራጩን ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍሬሙ ጠማማ ነው፣ ክፍተቶቹም አንዱ ጫፍ ሰፍቶ አንዱ ይጠባል። ያ ሳይስተካከል ቀሪውን ብር አትልቀቁ።